ጣሳው አጃና የእናቴ ገብስ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ይህን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁ ብሆንም እውነትነቱን የተረዳሁት ግን ባለፈው የጥር ወር ለዕረፍት ወደ ትውልድ አገሬ ወደ አዘና በሄድሁ ጊዜ ነው። ያስተማረኝም መጽሐፍ ወይም መምህር ሳይሆን አንድ የአጃ ጣሳ ነው።

አዘና በአዊ ዞን የምትገኝ፣ ከዋናው የጎጃም መንገድ ገባ ያለች ከተማ ናት። ስሟ ግን ከከተማነቷ የቀደመ ነው፤ ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከዚገም፣ ከቋቋራ፣ ከጫራና ከመተከል ጋራ ከሰባቱ የአገው ቤቶች አንዷ ሆና ትቆጠራለች። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው የፈረሱን ማማርና የፈረሰኛውን ጉልበት አይረሳም። ታዲያ ያ ፈረስም ያ ፈረሰኛም ከጥንት ጀምሮ የተቀለቡት በምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ መልሱ አንድ ነው፤ በገብስ።

እቤት በደረስሁ ማግስት ጧት፣ ታላቅ ወንድሜ ለቁርስ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ አየሁ። ጋሼ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውም ከአርባ ጥቂት አለፍ ያለ ነው። በፊቱ የባሕር ማዶ ጽሕፈት ያለበት፣ ሥዕሉ የሚያብለጨልጭ ጣሳ ቆሟል። ከጣሳው ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጠፍጣፋ ፍሬ ቆንጥሮ አወጣና በፈላ ውኃ ላይ በተነው። የሚቆነጥረው እንደ ወርቅ ብናኝ እየሳሳለት ነበር።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መድኃኒት ነው» አለኝ፤ ፈገግም አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ሆድ ድርቀት ያስቸግረው ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን የሆድን ነገር መናገር ነውር መስሎት ዝም ብሎ ቆየ። በኋላ ግን ለሌላ ጉዳይ ደሙን ሲመረመር የደሙ ስብ፣ ማለት ኮሌስትሮል የሚባለው፣ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙም ቅቤና ጮማ እንዲቀንስ፣ በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ፣ «ገብስ ወይም አጃም እንዲያዘወትር» ነገረው። ጋሼ ከዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ አጥብቆ የያዘው አንዲቱን ቃል ነበር፤ አጃን። ገብስ የሚለውን እንዳልሰማ ሆነ። ወደ ትልቅ ከተማ ሰው ልኮ ጣሳውን አስመጣ፤ የአንዱ ጣሳ ዋጋም ብዙ ኪሎ ገብስ የሚገዛ ነበር።

እናታችን እስከዚያ ድረስ ነገሩን በዝምታ ትመለከት ነበር። በዚያን ቀን ጧት ግን ከጣሳው ጥቂት ፍሬ በመዳፏ አድርጋ አሸችው፤ አሸተተችው፤ ጥቂትም ቀመሰችለት። ከዚያ በኋላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ኧረ ልጄ! ይህማ እንግዶ ነው! አፈሩ የደከመበት ሰው የሚዘራው እንግዶ! ለዚህ ነው ደመወዝህን የምትሰጠው?»

እናቴ አልተሳሳተችም። በጎጃም ደጋ እንግዶ እያልን የምንጠራው እህል የአጃ ወገን ነው። ከገብስና ከስንዴ ማሳ መካከል አረም ሆኖ የሚበቅለው ሲናርም የዚሁ ዘመድ ነው። እንዲያውም የአጃ ዘሮችን የሚያጠኑ የዕፅዋት ሊቃውንት አንዱን ወገን በአገራችን ስም «አቬና አቢሲኒካ» ብለው ይጠሩታል። ይህ ዘር ከገብስ ጋራ አብሮ በቅሎ፣ አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ሲበላ የኖረ ነው። እንግዲህ ጋሼ በብዙ ብር የገዛው መድኃኒት፣ በጓሮው ማዶ እንደ ድኻ ምግብ የሚናቀው እህል ዘመድ ሆኖ ተገኘ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ አይደለምን?

ሆኖም ሐኪሙ የመከረው ያለ ምክንያት አልነበረምና፣ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ተገቢ ነው።

ከምንበላው እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት ውስጥ ሆዳችን ሊፈጨው የማይችለው ክፍል አለ። ይህም አሰር ወይም ፋይበር ይባላል። በቀድሞ ዘመን የምግብ ሊቃውንት ሳይቀሩ «የማይረባ ገለባ» እያሉ ይንቁት ነበር። አሁን ግን ሥራው ታውቋል። አሰር ሁለት ወገን ነው። አንደኛው በውኃ የማይሟሟ ሲሆን፣ እንደ ስንዴ ፉርሽካ ያለው ነው፤ ውኃ ይዞ በአንጀት ውስጥ ስለሚያልፍ ዓይነ ምድርን ያበዛል፣ ያለሰልሳል፣ ጉዞውንም ያፋጥናል። ለሆድ ድርቀት የሚረዳው ይህ ነው፤ ድርቀቱ ሲቀር ማማጥ ስለሚቀር፣ የኪንታሮትን ሥቃይም ይቀንሳል።

ሁለተኛው በውኃ የሚሟሟው ነው። በተልባ ላይ ውኃ ሲፈስበት እንዴት እንደሚያሙለጨልጭ ሁላችንም እናውቃለን። በገብስና በአጃ ውስጥም ቤታ ግሉካን የተባለ፣ ከውኃ ጋራ ሲገናኝ የሚወፍርና የሚያሙለጨልጭ ነገር አለ። የደምን ስብ የሚቀንሰው ይህ ነው። አሠራሩም የሚያስደንቅ ነው። ጉበታችን ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ሐሞት ወደ አንጀት ወርዶ ስብን ለመፍጨት ይረዳል፤ ከዚያም አብዛኛው ተመልሶ ወደ ጉበት ይገባል። ወጪ ያደረገውን ገንዘብ መልሶ ገቢ እንደሚያደርግ ቆጣቢ ግምጃ ቤት ማለት ነው። ቤታ ግሉካን ሲመጣ ግን ከሐሞቱ ጥቂቱን ይዞት ወደ ውጭ ይወጣል። ጉበትም የጎደለውን ለመሙላት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ለመውሰድ ይገደዳል። በዚህ ጊዜ ኤል.ዲ.ኤል. የተባለው፣ የደም ሥርን የሚደፍነው ጎጂ ኮሌስትሮል ዝቅ ይላል።

ልኩም ታውቋል፤ ይኸውም በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. አጃ ለልብ ጤንነት ይጠቅማል ተብሎ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ፈቀደ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ይህንኑ ፈቃድ ለገብስ ሰጠ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን መጠን ለማግኘት ከ60 እስከ 75 ግራም የሚሆን ከነአሰሩ የተፈጨ የገብስ ዱቄት ይበቃል። ይህን ያህል አዘውትረው የወሰዱ ሰዎች ጎጂው ኮሌስትሮል ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህል እንደሚቀንስላቸው ታይቷል። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ከገንፎ የተገኘ መሆኑ ሲታሰብ ትንሽ አይደለም።

አሰር ሌላም ሥራ አለው። በትልቁ አንጀታችን ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኛ ልንፈጨው ያልቻልነውን አሰር እነርሱ ይበሉታል፤ በልተውም የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶችን ይሠራሉ። ስለዚህ አሰር የበላ ሰው፣ ለራሱ ብቻ ሳይሆን በሆዱ ለሚኖሩት እንግዶችም ማዕድ አቀረበ ማለት ነው።

ይህን ዕውቀት ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ በኡጋንዳ የሠራ ሐኪም ነው። ዴኒስ በርኪት የተባለው ይህ የአየርላንድ ተወላጅ፣ በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በቀዶ ጥገና ሐኪምነት አገልግሏል። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎችን የሚያጨናንቁት የትርፍ አንጀት፣ የሐሞት ጠጠርና የትልቁ አንጀት ሕመሞች በኡጋንዳ ገጠር እምብዛም እንደማይታዩ አስተዋለ። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ፣ የተበላ ምግብ በስንት ሰዓት ከሰውነት እንደሚወጣ ለካ፤ አሰር የበዛበት ምግብ የሚበላው የአፍሪካ ገበሬ፣ ነጭ ዳቦ ከሚበላው እንግሊዛዊ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ እንደሚያስወጣ ተገነዘበ። በ1970ዎቹ ዓመታትም «አሰርን አትርሱ» እያለ በየአገሩ ዞሮ አስተማረ። የበርኪት ግምት ሁሉ ጸንቷል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱን በኋላ የመጡ ሊቃውንት አርመውታል። ዋናው አሳቡ ግን ቆሟል። በ2019 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ፣ ብዙ አሰር የሚበሉ ሰዎች ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ በልብ ሕመምና በሌላም ምክንያት የመሞታቸው ነገር ከመቶ ከ15 እስከ 30 ያህል ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲበላ መክሯል።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ የኛን ማዕድ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። በ100 ግራም ደረቅ እህል ውስጥ፣ ሽፋኑ ብቻ የተነሣለት ገብስ 17 ግራም ያህል አሰር አለው። አጃ 10፣ ከነፉርሽካው የተፈጨ ስንዴ ከ10 ጥቂት ከፍ ያለ፣ ጤፍ ደግሞ 8 ያህል አላቸው። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ልጣጩን ለይቶ መጣል ስለማይቻል ሁልጊዜ ከነሙሉ አካሉ ይፈጫል፤ ትንሽነቱ ክብሩን ጠብቆለታል ማለት ነው። ወደ ነጩ የፉርኖ ዱቄት ስንመጣ ግን ከ3 ግራም በታች እናገኛለን፤ በተፈተገ ነጭ ሩዝ ውስጥ ደግሞ 1 ግራም ያህል ብቻ። ፉርሽካውን ለላም ሰጥተን ነጩን ለራሳችን ስናስቀር፣ የተሻለውን ድርሻ ማን እንደ ወሰደ ላም መናገር ብትችል ኖሮ በነገረችን ነበር።

ከእህሉም ሌላ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የባቄላው ንፍሮና ጎመኑ በአሰር የከበሩ ናቸው። ስለዚህ አያቶቻችን የዓለም የጤና ድርጅትን መመሪያ ሳያነቡ ፈጽመውት ኖረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በደስታ ተረክሁላት። በዩኒቨርሲቲ የተማርሁትን ቋንቋ እየቀነስሁ፣ የርሷን በሶ የሳይንስ ሊቃውንት እንዳመሰገኑት አስረዳኋት። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ጥቂት ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ።

«ደግ ብለሃል ልጄ። ነገር ግን ገብሱን ማን ፈተገው? አንተ ነህን?»

መልስ አልነበረኝም። በሶ እንዲሁ በሶ አይሆንም። ገብሱ ይለቀማል፤ ይርሳል፤ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ ይነፈሳል፤ ይደርቃል፤ በምጣድ ይታመሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈጨው። በልጅነቴ እኔ ለፈተና ሳጠና ዘነዘናውን ይዛ የምታነሣና የምትጥል እኅቴ ነበረች። የርሷም ደብተር እደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እርሷ አልገባችም። በየወሰን ትምህርቱ የሚላክልኝን በሶ የወቀጠችውም እርሷ ናት። እኔ ደግሞ ያንን በሶ የከተማ ልጆች እንዳያዩብኝ ከአልጋዬ ሥር ደብቄ አስቀምጠው ነበር። በኋላ የክፍል ጓደኞቼ አገኙትና በሁለት ቀን ጨረሱት፤ «ሌላ አስልክ» እያሉም ያስቸግሩኝ ጀመር። ያፈርሁበትን ነገር ሌላው ሲወደው ማየት እንዴት ያለ ትምህርት ነው!

እናቴ ነገሯን ቀጠለች። «ነጭ ዳቦ ሱቅ ሲመጣ ወገቤን አሳርፎኛል። መጥፎ ነው ካላችሁ እሺ፤ ነገር ግን የድሮውን ስታወድሱ የድሮውን ድካም ማን እንደሚሸከም ተናገሩ።»

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ ወደ ፉርኖና ወደ መኮሮኒ የሄደው በሥልጣኔ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ የሚቀልል ስለሆነም ነው። እንግዲህ ገብስ ወደ ማዕዳችን እንዲመለስ የምንሻ ከሆነ፣ የእናቶችንና የእኅቶችን ክንድ ሳይሆን መኪናን ማሠራት አለብን። ዛሬ ወፍጮ ቤት የሌለበት ከተማ እምብዛም የለም፤ መፈተጊያም አብሮ ቢቆምለት፣ ቆልቶና ፈጭቶ አሽጎ የሚሸጥ ወጣት ነጋዴም ቢነሣ፣ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ጣሳ ጋራ የሚወዳደር ቁርስ ከአገራችን እህል ይገኛል። እስከዚያው ድረስ ግን ወንዶች ልጆች ዘነዘና ብናነሣ ክንዳችን አይሰበርም።

ሌላም መሰናክል አለ። ገብስ የመሬት መኮምጠጥ፣ ማለት የአፈር አሲዳማነት፣ እጅግ የሚጎዳው እህል ነው። ዝናብ የሚበዛበት የአዊ ደጋም በዚህ የተቸገረ አገር ነው። ኖራ ካልተጨመረበት የገብስ ምርት ይመነምናል፤ በዚህ ጊዜ ገበሬው ወይ ወደ እንግዶ ይዞራል፣ ወይም በፋግታ ለኮማና በባንጃ እንደሚታየው ማሳውን ለከሰል በሚሆነው በዲከረንስ ዛፍ ይሸፍነዋል። ከሰል ብር ያመጣል፤ በብሩም ፉርኖ ይገዛል። እንግዲህ የአንድ ከረጢት ኖራ በጊዜው መድረስና አለመድረስ እስከ ሰው የደም ሥር ድረስ የሚዘልቅ ነገር መሆኑን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ልብ በሉት።

አሁን ደግሞ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ላክልበት፤ ጠቃሚ ነገርም ያለ ልክ ሲሆን ይጎዳልና። መጀመሪያ፣ አሰር ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን ቢያበዛው ሆዱ ይነፋል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አሰር ያለ ውኃ ድርቀትን ያብሳል እንጂ አያሽልም፤ ውኃ አብዝቶ መጠጣት ግድ ነው። ሦስተኛ፣ የትንሽ ሕፃን ሆድ ጠባብ ነው፤ በአሰር ብቻ ከተሞላ የሚያሳድገው ምግብ ቦታ ያጣል። አራተኛ፣ በእህል ልጣጭ ውስጥ ብረትና ዚንክ የተባሉትን ማዕድናት አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ማቡካታቸው ይህን እስራት ያላላዋል። አምስተኛ፣ ጠላም ከገብስ ይጠመቃል ብሎ የሚደሰት ሰው ቢኖር፣ አብዛኛው አሰር ከአተላው ጋራ እንደሚቀር ይወቅ። ከሁሉም በላይ ግን ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ሰው ገንፎ በላሁ ብሎ መድኃኒቱን እንዳይተው። በዓይነ ምድሩ ደም ያየ፣ ወይም ሆዱ በድንገት ጠባዩን የለወጠበት ሰውም በሶ እየበጠበጠ ቀን ከሚቆጥር ይልቅ ሳያፍር ወደ ሐኪም ይሂድ። ጋሼን ዓመታት ያስቀመጠው ምግቡ ብቻ ሳይሆን እፍረቱም ነበር።

ይህን የምጽፈው ይልቁንም ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ነው። የኛ ኑሮ መቀመጥ የበዛበት ሆኗል። ጧት ሻይ በነጭ ዳቦ፣ ረፋድ ላይ በስብሰባ መካከል ብስኩት፣ ቀትር ላይ መኮሮኒ፣ ማታም ከድካም የተነሣ የተገኘውን። ቀኑን ሙሉ ስንበላ ውለን አሰር ሳናገኝ እናድራለን። ለውጡ ከባድ አይደለም፤ በብስኩቱ ፈንታ የገብስ ቆሎ፣ በነጩ ዳቦ ፈንታ ቅንጬ ወይም ከነፉርሽካው የተጋገረ ዳቦ፣ ከመኮሮኒው ጋራ አንድ ጭልፋ ምስር። ስብሰባ የሚያዘጋጅ ሰውም በጠረጴዛው ላይ ቆሎ ቢያቀርብ፣ ወጪው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

በሚያዝያ ወር ጋሼ ስልክ ደወለልኝ። እንደገና ተመርምሮ የደሙ ስብ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሆዱም ሰላም አግኝቷል። «ገብሱ ነው ያዳነኝ!» አለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሐኪሙ ግን ይህን በቀጥታ አልተቀበለውም። በዚህ መካከል የዐቢይ ጾም አልፏል፤ ቅቤና ሥጋ ቀርቷል፤ ጋሼም ወደ ቢሮው በእግሩ መመላለስ ጀምሯል። ስለዚህ ሐኪሙ «ሁሉም በየድርሻው ረድቶሃል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እናየዋለን» አለው። እውነተኛ ዕውቀት እንዲህ ነው፤ ለአንድ ነገር ብቻ ምስጋናውን አይሰጥም።

ጣሳውን ምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። አጃው አልቋል፤ ሌላም አላስመጣም። ጣሳው ግን ክዳኑ ጥሩ ስለሆነ እናቴ አልጣለችውም። በሶ ሞልታበታለች። በሶውንም በዚህ ጊዜ የፈተገው ራሱ ጋሼ መሆኑን ከእኅቴ ሰማሁ፤ መዳፉ እንደላጠበትም ጨምራ ነገረችኝ።